ያልተበሳው የሐልዋ ጣሳ

በእጃችሁ ዕቃ የምትሠሩ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዕቃ ባትሠሩም ቤታችሁ ውስጥ መናገር ያቃተው ሰው ካላችሁ አንብቡት። ከሁለቱም ካልሆናችሁ ብትተዉት አልቀየምም፤ ደስ የሚል ነገር የለውም።

ስሜ ሰሚራ ነው። ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። እናቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ፈቲሃ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሳይሆን ሲቀር አባቴ ጅቡቲ ሆኖ ደወለና፣ ቤት ተቀምጠሽ ከአክስትሽ ጋር ከምትጨቃጨቂ ነይና ሥራ ልመጂ አለኝ። መጣሁ። አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ መዋል አልችልበትም፤ ከልጅነቴም እንደዚያው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ "ሙስጠፋ ራዲዮ" ነበር የሚለው። ከቤታችን ሰማንያ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ በሁለት የልብስ ሱቆች መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የተበላሸ ይጠግናል። ከተጣለ ዕቃ እየነቀለ ደግሞ የራሱን ትንንሽ ራዲዮ ይሠራል። በዚህ ዘመን ማን ራዲዮ ይገዛል ትሉኝ ይሆናል። ማዳሟ ስልኳን የቀማቻት የቤት ሠራተኛ ትገዛለች። ከድሬዳዋ መስመር የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ይገዛል፤ በረሃው መሀል ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ከተማው ዳር ባልባላ ላይ መጋዘን የሚጠብቅ ዘበኛ ይገዛል።

አባቴ ሥራውን ያስተማረኝ ከሳጥኑ ጀምሮ ነው። ሌላ ሰው መጀመሪያ ሽቦውን ያያይዛል፣ ድምፅ ሲወጣለት ይደሰታል፣ በመጨረሻ "አሁን ደግሞ በምን ውስጥ ልክተተው" ብሎ ቤቱን ያገላብጣል። አባቴ በእንደዚህ ዓይነቱ ይስቅ ነበር።

"መጀመሪያ የት እንደሚኖር ጠይቂ" ይለኛል። "ማን ነው የሚይዘው? እጁ እርጥብ ነው ደረቅ? ፀሐይ ያገኘዋል? ሳጥኑን በትክክል ከመረጥሽ ግማሹን ሠርተሻል።"

ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ለሚሠሩት የአገራችን ልጆች የሚሠራው በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ነበር። መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ ማዳም መቶ ጊዜ ብታልፈው አትጠረጥረውም። ለሹፌር ስስ ፕላስቲክ አይሰጥም፤ መኪናው መስታወት ሥር በአንድ ቀን ይጣመማል። ለሱ ከእንጨት ነው። ብረት ከባሕሩ በሚመጣው ጨው ቶሎ ይዝጋል። ብረት ሌላም ጣጣ አለው፤ የራዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። ዕቃችሁን ብረት ውስጥ ከዘጋችሁበት ብረቱን በስታችሁ የአንቴናውን ሽቦ ወደ ውጭ ማውጣት አለባችሁ። ይህን የነገረኝ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አላውቅም ነበር ብዬ ላመልጥ አልችልም። አውቅ ነበር።

ግንቦት ላይ አባቴ ሱቁ ውስጥ የብየዳ ካውያውን እንደያዘ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም አብሮ ሄደ። "እእ" ከምትል ድምፅ በቀር ምንም አይወጣውም። የምንለውን ይሰማል። ምን ያህሉ እንደሚገባው ግን ሐኪሞቹም በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። አክስቴ ፈቲሃ ከድሬዳዋ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ እኔና እሷ እየተፈራረቅን አጠገቡ ተቀመጥን። ለደቂቃ ብቻውን አንተወውም ነበር።

እውነቱን ልናገር። በዚያ ክፍል መቀመጥ ሊያሳብደኝ ደረሰ። ሱቁ ተዘግቶ ደንበኛ ይመለሳል። አባቴን እወደዋለሁ፤ ክፍሉን ግን ጠላሁት። የሽንት ዕቃውን፣ የማራገቢያውን መንቋቋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሱ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምን እንደሚፈልግ አለማወቄን። ደወሉን የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "አባዬ ሲፈልገኝ እንዲጠራኝ ነው" እል ነበር። የሠራሁት ግን እኔ ከዚያ ክፍል እንድወጣ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ሰው የጣለው ገመድ አልባ የበር ደወል ሱቁ ውስጥ ነበረን። የሚጫኑት ክፍል አባቴ አልጋ ላይ ይሆናል፤ የሚጮኸው ክፍል ሱቁ ውስጥ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ይሰቀላል። ሩቅ እንዲደርስ አንቴናውን በረጅም ሽቦ ቀየርኩት። ለሳጥን ያገኘሁት ነጭ የአይስክሬም ዕቃ ነበር፣ ፕላስቲክ። አክስቴ እያገላበጠች አየችው።

"ወንድሜን ለአይስክሬም ዕቃ አደራ ሰጠሽው?" አለች።

ሳቅኩ። አባቴም በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ሳቀ። በግራ አውራ ጣቱ ተጫነው፤ ሱቁ ውስጥ ጮኸ። ደጋግሜ ከሱቁ ሆኜ ሞከርኩት፣ አንዴም አልሳተም። በማግስቱ ሱቁን ከፈትኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አባቴ ፋታ አልሰጠኝም። ለውሃ ይደውላል፣ ለትራስ ይደውላል፣ ፊቱ ላይ ላረፈች ዝንብ ይደውላል። አንዳንዴ እያለከለክኩ ስደርስ ምንም አይፈልግም፤ ዝም ብሎ ያየኛል። ከሱቁ ፊት ለፊት ጫት የምትሸጥ ሀዋ የምትባል ሶማሌ አለች፤ አማርኛ ከሹፌሮች ነው የተማረችው። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ከጥላዋ ሥር ሆና "ሰሚራ፣ አለቃሽ ጠሩሽ" ትላለች። መንገዱ ይስቃል። እኔ ፊቴን አጨማድጄ እሮጣለሁ። ፊቴን ማጨማደዴን ማንም አያይም ብዬ ነበር።

የአይስክሬሙ ዕቃ አንድ ችግር ነበረው። ቀላል ነው። አባቴ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ሲጫነው ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ከአልጋ ወደቀ። ሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ መሬት ሲመታ ጎኑ ተሰነጠቀ።

የሚያስፈልገኝ ከባድ፣ ሰፊ፣ ካስቀመጡት ቦታ የማይነቃነቅ ዕቃ ነበር። ዓይኔን ወደ ቁም ሣጥኑ ሳነሣ የእናቴ የሐልዋ ጣሳ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ክብ ነው፣ ወፍራም ቆርቆሮ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፤ ክዳኑ መሀል ላይ በብሎን የታሰረች መያዣ እንቡጥ አለችው። ጣፋጩ ሐልዋ ያለቀው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ውስጡ የእናቴ መርፌና ክር ነበር። አባቴ ከድሬዳዋ ሲመጣ ከሷ ዕቃ ይዞ የመጣው ይህን ብቻ ነው፤ አቧራ ስጠርግ እንኳ "ቀስ" ይለኝ ነበር። እንቡጧን ፈትቼ ባወጣት የምትተወው ቀዳዳ ለደወሉ መጫኛ ልክ ነው። ደግሞም ያምራል። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ የአይስክሬም ዕቃ ከማየት ይሻላል።

ብረት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። የእጅ መሰርሰሪያውን ከሱቅ ይዤ መጥቼ ነበር። ከክዳኑ ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ አንድ ቀዳዳ ልበሳና ሽቦውን ላወጣ ነው ሐሳቤ። ጣሳውን ከነመሰርሰሪያው ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ጣሳውን ሲያይ ዓይኑ ተለወጠ። ግራ እጁን ዘርግቶ ነካው።

"የእማዬ ነው፣ አውቃለሁ" አልኩት።

"እእ" አለ። ጣሳውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፣ ጎኑ ላይ፣ ከክዳኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ። እጄ ላይ ያለውን መሰርሰሪያ አየ። ወደ ጣሳው ተመለሰ። እንደገና መታው።

ገባኝ። ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። ሃያ ዓመት አቧራ እንኳ ያላስነካውን ዕቃ በመሰርሰሪያ ልበሳበት ነው። መሰርሰሪያውን መሬት ላይ አኖርኩት።

"እሺ አባዬ። አልበሳውም።"

ጭራሽ ባሰበት። በጥፍሩ ያንኑ ቦታ ጫን አድርጎ ፋቀው፤ ከዚያ ጣሳውን በሙሉ ኃይሉ ወደ እኔ ገፋው። ጉልበቴን መታኝ። እጁን ያዝኩና ሳምኩት።

"አልበሳውም አልኩህ እኮ። እንቡጧን ብቻ ነው የምፈታው፤ ሲሻልህ መልሼ እገጥማታለሁ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም ለእናቴ የምናለቅስ መስሎኝ ነበር።

የአንቴናውን ሽቦ ጠቅልዬ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። አዲስ ባትሪ አስገባሁ። መጫኛዋ ውስጧ ቀይ መብራት ያላት ዓይነት ናት፤ በክዳኑ ቀዳዳ ገጠምኳትና ዘጋሁት። የሚጮኸውን ክፍል ኮሪደር ላይ አድርጌ ተጫንኩ። ጮኸ። ብረቱ ቢያፍነውም ከዚያ ቅርበት ሾልኮ የሚወጣው ሞገድ ይበቃዋል፤ ያኔ ግን እንደዚህ አላሰብኩም፣ ይሠራል አልኩ። ሱቅ ድረስ ሄጄ አልሞከርኩትም። አንድ ሹፌር ከእንጨት ሳጥኑ ጋር የሰጠን ራዲዮ ነበረው፤ በዚያው ቀን ጭነቱን ይዞ ስለሚወጣ እስከ አሥር ሰዓት ጨርሺልኝ ብሎኛል። እግሬ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት አውራ ጣቱን ይዤ መጫኛዋ ላይ አስቀመጥኩለት። "ይህቺ ቀይ መብራት ስትበራ ሰማሁህ ማለት ነው፣ እሺ?" አልኩት። መብራቷ ከባትሪው ጋር ብቻ እንደተያያዘች፣ እኔ ልስማ አልስማ እንደማታውቅ፣ ከኔ የበለጠ የሚያውቀውን ሰው እንደ ሕፃን አባበልኩት።

አክስቴ ማዕከላዊ ገበያ ልትሄድ ሻሿን እያሰረች ነበር። "ደወሉ አለ አይደል?" አለችኝ።

"አለ" አልኳት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁለታችንም ከቤት ወጣን።

ጅቡቲን የምታውቁ ሰባት ሰዓትን ታውቃላችሁ። ጫቱ ይገባል፣ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ሀዋ ገበያዋን ጨርሳ ከቀረቻት አንድ እስር ጋር ጥላዋ ሥር ጋደም አለች። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ሱቁ ውስጥ ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ቤትም የአባቴ ማራገቢያ እንደቆመ አሰብኩ፤ አስቤያለሁ። ሙቀቱ ከባሰበት ይደውላል አልኩ። ጠረጴዛዬን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ጎትቼ የሹፌሩን ራዲዮ ፈታሁ።

ደወሉ ዝም አለ። አንዴ ቀና ብዬ አየሁት፤ በባትሪ የሚሠራ ስለሆነ መብራት መጥፋቱ አይነካውም። ትንሿ አረንጓዴ መብራቱ በርታለች።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ሀዋ ሳትነሣ ከመንገዱ ማዶ፣ "ዛሬ አለቃሽ ዝም አሉ" አለችኝ።

"ተኝቷል።"

"በዚህ ሙቀት?"

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ትከሻዬ ዘና ሲል ይታወቀኛል። ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ ሰዓት በሰላም ሠርቼ አላውቅም። ብሎኖቹን በተርታ ደረደርኩ፣ የላላውን ሽቦ በየድኩ፣ የእንጨቱን ሳጥን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩ። ያንን ማለስለስ ሹፌሩ አላዘዘኝም። ደስ ስላለኝ ነው የሠራሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሄጄ ልየው አልኩ። ብድግ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ልክ በዚያ ሰዓት ሹፌሩ መጣና ገና እንዳልጨረስኩ ሲያይ ፊቱን ቋጠረ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቢፈልገኝ ይጠራኝ ነበር አልኩ ለራሴ።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሹፌሩ ራዲዮውን ይዞ ወጣ፤ ሱቁ በር ላይ ከገበያ ከምትመለሰው አክስቴ ጋር ተገናኙ። ሁለት እጇ ፌስታል ነው፤ ላቧ ይንጠባጠባል።

"ጠርቶሻል?" አለችኝ።

"አንዴም።"

"አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፍ ወስዶታል" ብላ ወደ ቤት አለፈች።

ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ካውያውን አንሥቼ ሳልጨርስ አክስቴ ሱቁ በር ላይ ቆማለች። ፌስታሎቹ የሉም። ሻሿ የለም። አክስቴን ያለ ሻሽ መንገድ ላይ አይቻት አላውቅም።

"ሰሚራ፣ ነይ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አባቴ ተንሸራትቶ ጭንቅላቱ በአልጋውና በግድግዳው መሀል ተቀርቅሯል። የውሃ ጠርሙሱ መሬት ላይ ወድቆ ተንከባሏል። የሚተነፍሰው እንደ መጋዝ ነው። ግራ ክንዱ ጣሳውን አቅፎታል፤ አውራ ጣቱ መጫኛዋ ላይ ነው፣ ጫን ብሎ።

ቀድሜ ያየሁት ግን ፊቱን አይደለም። መብራቷን ነው። ጠዋት አዲስ ባትሪ አስገብቼ እንደ ፍም ቦግ ትል የነበረችው ቀይ መብራት አሁን ልትጠፋ ምንም አልቀራትም፤ ዓይን ካልተጠጋ አትታይም። አዲስ ባትሪ እንዲህ እንዲሆን ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈልግ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ።

አክስቴ ጣቱን በእጇ አላቀቀችው። በታክሲ ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። በፈረንሳይኛ የጠየቀኝ ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ስንወጣ ደህና ነበር አልኩት። መቼ ወጣችሁ? ሰባት ሰዓት። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ሁለተኛ ስትሮክ ነው፣ ሙቀቱም ጎድቶታል፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብትደርሱ ኖሮ የምንሞክረው ነገር ነበር አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አክስቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሰምተሽ ነው የተቀመጥሽው?" አለችኝ።

"አክስቴ፣ አልጮኸም።"

"ጣቱን እኔ ነኝ ያላቀቅኩት። ሲጫን ነበር።"

"አልጮኸም አልኩሽ።"

"ሲጮኽ ፊትሽን እንዴት እንደምታጨማድጂ እኮ አይቻለሁ።"

እውነቷን ነው። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እኔም ደወሉን አምኜ ነው የወጣሁት" አለች፤ ያን ቀን ሁለተኛ አላናገረችኝም።

ዓርብ ጠዋት ቤት ሄድኩ። የደወሉን የሚጮኽ ክፍል ከሱቁ ሳላወርድ ሀዋን ሥሩ አቆምኳትና ሲጮኽ ስልክ ደውይልኝ አልኳት። ጣሳው ላይ አዲስ ባትሪ አደረግኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ አባቴ የተኛበት ቦታ ላይ አስቀምጬ ተጫንኩ። ቀዩ በራ። ስልኬ ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ክዳኑን አንሥቼ ተጫንኩ።

ስልኬ ጮኸ። "ጮኸ" አለች ሀዋ።

ዘጋሁት። ዝም። ከፈትኩት።

"ጮኸ። ምን እያደረግሽ ነው ሰሚራ?"

ምን እያደረግኩ እንደሆነ አልነገርኳትም። ብረት ነው። አንቴናውን ጠቅልዬ ብረት ውስጥ ቀበርኩት። ከኮሪደር የሚሰማ፣ ሱቅ የማይደርስ ደወል ሠርቼ አባቴን ከሱ ጋር ዘግቼበት ሄድኩ።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፤ መጫኛዋን በላስቲክ አስሬ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መብራቷ ሐሙስ ያየኋትን ያህል እስክትደክም ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀች። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችለው እኔ፣ አልተነሣሁም።

ቅዳሜ ጣሳውንና የሚጮኸውን ክፍል በፌስታል ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። አባቴ ዓይኑ ተከፍቷል። ግራ እጁም አሁን ከብዶታል። አየኝ። ያ አስተያየት ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ሰምታኝ ቀረች ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ። ሊሞት እንደሚችል ነግረውኛል፤ ያንን ይዞ እንዳይሞት ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የሚጮኸውን ክፍል ለአክስቴ ሰጠኋት። "እስከ ግቢው በር ይዘሽልኝ ሂጂ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ሂጂልኝ ብቻ።"

ሄደች። በመስኮቱ ሩቅ ስትደርስ አየኋት።

"አባዬ፣ ይህን እየኝ" አልኩት። ክዳኑን ዘግቼ ተጫንኩ፤ ቀዩ በራ፣ ከውጭ ምንም የለም። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረግኩ። ክዳኑን አንሥቼ ተጫንኩ። ከግቢው በር በኩል ደወሉ ጮኸ፤ አንዲት ነርስ ዞር ብላ አየች።

"አልሰማሁም አባዬ። እየሰማሁ አልተቀመጥኩም። ብረቱ ነው።"

አባቴ ጣሳውን አየ። ግራ እጁ አንሶላው ላይ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ልታገኘው አልቻለችም፤ ጣሳውን አስጠጋሁለት። አመልካች ጣቱ ጎኑን እየዳበሰች ሄደች፣ ከክዳኑ ዝቅ ብላ ቆመች፣ በጥፍሩ መታችው። አንዴ። ቆይታ፣ እንደገና።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥፍሩ ካረፈበት ሥር አረንጓዴው ቀለም ተፍቆ ነጭ ቆርቆሮው ወጥቷል። አንድ ላይ የተደራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች። ከክዳኑ አንድ ጣት ዝቅ ያለ፣ ልክ እኔ መሰርሰሪያውን ላሳርፍ ያሰብኩበት ቦታ።

አትብሺው ሲለኝ አልነበረም። ብሺው ነበር የሚለኝ። ሐሙስ ጠዋት፣ አንደበት ሳይኖረው፣ የቀረችውን አንድ እጅ ይዞ፣ የእናቴን ጣሳ ከዚህ ጋ ብሺ ይለኝ ነበር። እኔ እጁን ስሜ ዝም አሰኘሁት።

አክስቴ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። "አንዴ ዝም፣ አንዴ ጩኸት፤ ገባኝ" አለች። ወደ እኔ መጥታ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

አባቴ እሑድ ከቀትር በፊት ሞተ።

አሁን እናንተን ነው የማናግረው። ሰው ሲያጽናናኝ "ቢያንስ እንዳልሰማሽው አውቆ ነው የሞተው" ይለኛል። አዎ፣ አውቆ ነው። ግን ሆስፒታል እስካሳየው መጠበቅ አላስፈለገውም። ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ያንን ቀይ መብራት እያየ ማንም እንደማይሰማው ያውቃል። ታዲያ ለምን ሁለት ሰዓት ተኩል ተጫነው? ይህን ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። የደረስኩበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ የሚጫነው ነገር ስላልሰጠነው ነው።

ደወሉ ባይኖር ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን እቤት እንውል ነበር። ይህንንም አልሸፋፍነውም።

ሱቁን አሁን እኔ ነኝ የምሠራበት። ደንበኞቼ ያማርሩኛል። ሳጥኑን ዘግቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ ዕቃው የሚኖርበት ቦታ ድረስ ሄጄ ሳልሞክር አላስረክብም። ባልባላ ድረስ በሚኒባስ የሄድኩበት ቀን አለ፣ ለአንድ ዘበኛ ራዲዮ። ክዳኑ ተከፍቶ የሠራ ዕቃ ገና አልሠራም። ሳጥን ከቀየራችሁም ዕቃው አዲስ ነው፤ እንደገና ሞክሩት።

መናገር ያቃተው ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ አንድ ነገር ገፍቶ ቢመልስባችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ እናንተ በሱ ፋንታ አትወስኑ። እኔ የአባቴን ልብ የማውቅ መስሎኝ ነበር። "ልብሳው ወይስ አልብሳው?" ብዬ መሰርሰሪያውን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ባደርግለት ይበቃ ነበር። አልጠየቅኩትም። ቸኩዬ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሱቁን የከፈትኩ ቀን መጀመሪያ የሠራሁት ያንን ጣሳ ነው። ጭረቷ ላይ መሰርሰሪያውን አሳርፌ በሳሁት። ሽቦውን አወጣሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ሀዋን ሱቁ ውስጥ አቆምኩና ቤት ሄጄ ባዶው አልጋ ላይ አስቀምጬ ተጫንኩት።

"ጮኸ" አለችኝ በስልክ።

ቦታው ልክ ነበር።